የቆዩ የምርመራ ፊልሞች ይደገሙ ወይስ ይቅሩ?

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ የዘመን መለወጫን በዓል አክብሮ ሳያበቃ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። ፊልሙ አዲስ አልነበረም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ድረስ ሄዶ ያዘጋጀው፣ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ርዕስ የተሰጠው፣ ቴምዝ ቴሌቪዥን ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1973) ለእንግሊዝ ሕዝብ ያቀረበው የምርመራ ፊልም ነበር። እዚህ አገር ሲታይ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር። ደርግ ግን ፊልሙን እንዳለ አላሳየውም። በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ፣ ጮማና መጠጡን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚታዩበትን ምስል እየሰካ አቀረበው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደው በአንዲት ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ።

ውድ አንባቢያን፣ በአገራችን የአንድ የቆየ የምርመራ ፊልም መደገም ይህን ያህል ክብደት ኖሮት ያውቃል። ዛሬ ደግሞ በሳተላይት የሚሠራጩ ጣቢያዎች በዝተዋል፤ ሃያ አራት ሰዓት የሚሞላ ዝግጅት ያስፈልጋቸዋል፤ በየመደርደሪያው ደግሞ የቆየ ካሴት ሞልቷል። አንዳንዱ የሙስና ምርመራ ነው፣ አንዳንዱ የሽብር ክስ ነው፣ አንዳንዱ የጭፍጨፋ ታሪክ ነው። ታዲያ እነዚህን አውጥቶ እንደገና ማሳየት ተገቢ ነው ወይ? «እውነት አያረጅም፣ ይታይ» የሚል አለ። «ያለፈውን መቆስቆስ ለማን ይበጃል?» የሚልም አለ። ሁለቱም ወገኖች ቸኩለዋል ባይ ነኝ። ነገሩን በሃይማኖታችን ሚዛን ስንመዝነው ከሁለቱም የተለየ መልክ አለው።

ከመሠረቱ እንጀምር። በሸሪዓችን የሰውን ነውር ማውራት በመሠረቱ ክልክል ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት የሰው ገመና መሰለልንና ሐሜትን በአንድ አንቀጽ ውስጥ አጣምሮ ከልክሏል፤ ሐሜተኛውንም የሞተ ወንድሙን ሥጋ ከሚበላ ሰው ጋር አመሳስሎታል። የምርመራ ጋዜጠኛ ሥራ ደግሞ ምንድን ነው? የተደበቀውን ፈልጎ ማግኘትና ለሕዝብ መንገር ነው። እንዲያው ላይ ላዩን ካየነው ሁለቱንም ክልክሎች በአንድ ላይ የሚጥስ ሙያ ይመስላል።

ነገር ግን ይኸው ዲን በር አልዘጋም። በሱረቱ ኒሳእ ክፉ ነገርን በአደባባይ መናገርን አላህ እንደማይወድ ሲገለጽ የተበደለ ሰው ግን ከዚህ ተለይቶ ወጥቷል። የአቡ ሱፍያን ሚስት ሂንድ ባሏ ለእሷና ለልጆቿ የሚበቃ ወጪ እንደማይሰጣት ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በግልጽ ስትናገር «ባልሽን አማሽ» አልተባለችም፤ የሚገባትን ያህል በአግባቡ እንድትወስድ ተነገራት። ኢማም ነወዊም ሪያዱ ሷሊሒን በተሰኘው ኪታባቸው የሰውን ነውር ማንሳት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች አስፍረዋል። በደልን ለሚመለከተው አካል ማሰማት፣ መጥፎን ነገር ለመለወጥ እርዳታ መጠየቅ፣ ሕዝብን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. ያደረገው ነገር በዚህ ሚዛን ሲታይ የሚያስመሰግን ነው። መንግሥት የወሎን እልቂት ደብቆ ይዞ ነበር፤ ሰው በየመንገዱ ዳር እየወደቀ «ችግር የለም» ይባል ነበር። ፊልሙ ሲታይ በእንግሊዝ አገር ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣ፣ እርዳታ መጣ፣ በሕይወት የተረፈ ሰው ተረፈ። የተራበ ሰው አቤቱታ ነበር፤ አሰሚ ያጣ አቤቱታ ደግሞ በሩቅ አገር በኩልም ቢሆን መሰማት መብቱ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ፤ የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ነው። ዑለማዎች ነውር ማንሳትን የፈቀዱት ለችግሩ መጠን ብቻ ነው። ነገሩ በእነሱ ዘንድ ቀልድ አልነበረም። የሐዲስ ሊቃውንት የአስተላላፊዎችን ጉድለት ሲመረምሩ «እገሌ ይዋሻል፣ እገሌ ይረሳል» ብለው በስም ጽፈዋል፤ ይህን ባያደርጉ ኖሮ ውሸት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ሲነገር ይኖር ነበር። ሆኖም አንድን አስተላላፊ ውድቅ ለማድረግ አንድ ጉድለቱን መጥቀስ ከበቃ ሁለተኛውን መጨመር አይፈቀድም ብለዋል። ፈቃዱ ከምክንያቱ ጋር ይመጣል፤ ምክንያቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ ይህ ከሆነ፣ አንድ ፊልም መጀመሪያ የታየበት ምክንያት ለሁለተኛው መታየት ፈቃድ ሊሆን አይችልም። የሚደግመው ሰው የራሱን ምክንያት ማቅረብ አለበት። ፊልሙ ያረጀ ቢሆንም ምስክርነቱ የዛሬ ነው፤ ተጠያቂውም የዛሬው አሳይ ነው። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ውሸታም ለመባል ይኸው ይበቃዋል የሚለው የነቢዩ ትምህርት ኢማም ሙስሊም በሶሒሓቸው መግቢያ ላይ ያሰፈሩት ነው። «እኔ አልሠራሁትም፣ ደግሜ ነው ያሳየሁት» የሚል የጣቢያ ኃላፊ ይህን ቢያነብ መልካም ነው።

በዚህ ዓይን ወደ መስከረም 1 ማታ እንመለስ። የደርጉ ምክንያት ምን ነበር? ረሃቡ በዚያ ወቅት የተደበቀ ምስጢር አልነበረም፤ ተማሪውም መምህሩም ለወራት ሲጮህበት ነበር። ፊልሙ የታየው ለተራበው እህል እንዲደርሰው ሳይሆን በማግስቱ ለሚደረገው ነገር መንገድ እንዲጠርግ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ንጹህ ነበሩ እያልኩ አይደለም፤ ሐሻ! ከ1964 እስከ 1966 ዓ.ም. በዘለቀው በዚያ ረሃብ ያለቀውን ሕዝብ ብዛት ዝቅ የሚያደርጉት 40,000፣ ከፍ የሚያደርጉት 200,000 ይሉታል። ከሟቾቹ ብዙው ሙስሊም ነበር። የራያና የየጁ ገበሬ፣ የአፋር አርብቶ አደር። አፋሮቹማ ድርቁ ብቻ አይደለም የጎዳቸው፤ በድርቅ ጊዜ ከብቶቻቸውን የሚያሳርፉበት የአዋሽ ዳርቻ ለጥጥ እርሻ ተወስዶባቸው ነበር። ያ ፊልም የእኛም አቤቱታ ነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባዮች የእኩልነት ጥያቄ ይዞ የወጣው ሙስሊም የሚጠይቀውና ወሎ ውስጥ በዝምታ የሚሞተው ሰው ጥያቄ ሥሩ አንድ ነበር፤ የዜግነት ጥያቄ።

ግን አቤቱታው የማን እንደሆነና ማን እንዳየው እንመልከት። በዚያን ጊዜ የቴሌቪዥን ሥርጭት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አያልፍም ነበር። የወሎ ሰው ያንን ማታ ምንም አላየም። የሞቱ ሰዎችን ምስል ያየው ቴሌቪዥን መግዛት የቻለውና ጎረቤቱ ነው። ባለጉዳዩ በሌለበት አቤቱታው ተሰማ፤ ከዚያም አቤቱታው የሌላ ሰው መሣሪያ ሆነ።

የተከተለውን ሁላችንም እናውቃለን። የባለሥልጣናቱን ጥፋት እንዲያጣራ የተቋቋመ መርማሪ ኮሚሲዮን ነበር፤ ሥራውን አልጨረሰም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስልሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከእነሱ መካከል ነበሩ። ከመካከላቸው በወሎ ደም እጁ ያለበት ሊኖር ይችላል፤ የሌለበትም ሊኖር ይችላል። ለመለየት ግን ምርመራና ዳኛ ያስፈልግ ነበር። የዓይን ምስክር የዳኛን ወንበር ሲይዝ እንዲህ ይሆናል። ጋዜጠኛው ያመጣው ምስክርነት ነበር፤ ፍርዱን ጨምረው ያሳዩት ደጋሚዎቹ ናቸው።

ልክ ከአሥር ዓመት በኋላስ? መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በከፍተኛ ወጪ ሲከበር በወሎና በትግራይ ሕዝብ ዳግመኛ እያለቀ ነበር። ያን ሰሞን በቴሌቪዥን የሚታየው የበዓሉ ሰልፍ ነበር። የተራበን ሕዝብ መደበቅ ወንጀል መሆኑን የሚናገር ፊልም በእጃቸው ነበር፤ መድገም ካለባቸው ቀኑ ያ ነበር። ቆረምን ለዓለም ያሳየው ያው የውጭ ሰው ካሜራ ሆነ። ከማይክል በርክ ጋር ሄዶ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የታየውን ምስል ያነሳው የናይሮቢው ተወላጅ መሐመድ አሚን ነው። (ይህ ሙስሊም ወንድም በ1989 ዓ.ም. በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የተጠለፈ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነበር የሞተው። ያነሳቸውን ምስሎች ዓለም ሲያስታውስ እሱን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።)

መሐመድ አሚንን ካነሳን፣ በእነዚህ ፊልሞች ላይ ስለሚታዩት ሰዎች አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ስለ ተከሳሹ ክብር ብዙ ይባላል፤ ስለ ተበዳዩ ግን ማን ይናገራል? ቆረም ላይ ገላዋ ሳይሸፈን የተቀረጸች እናት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ መሬት ላይ የተዘረጋ ጀናዛ፣ ዝንብ የወረረው ሕፃን። የሙስሊም አስከሬን ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ከዓይን ይሰወራል። የሞተን ሰው አጥንት መስበር በሕይወት እያለ እንደመስበር መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ያ ምስል መጀመሪያ ሲታይ አጠገቡ የተኛውን ሕያው ለማዳን ነበርና ችግሩ ፈቀደው። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚድነው ማን ነው? አውሮፓ ውስጥ ስለ አፍሪካ ወሬ በተነሳ ቁጥር እነዚያው ሰዎች እየተጎተቱ ይወጣሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው በስደት በሚኖሩበት አገር ትምህርት ቤት ውስጥ ስማቸው «ረሃብ» ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. ልትሞት ስትል የተቀረጸች አንዲት ሕፃን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ለንደን ውስጥ በተዘጋጀ ታላቅ የሙዚቃ መድረክ ላይ ጤነኛ ወጣት ሆና ቆማ ነበር። እሷስ ታየች። የሌሎቹ ፊልም ግን እስከ ዛሬ የሚያልቀው ሞት ላይ ነው።

አሁን ወደሚያመን ጉዳይ እንምጣ። ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘውን ፊልም አሳየ። በዚያን ጊዜ የሙስሊሙ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላትና ሌሎች ተከሳሾች በእስር ላይ ነበሩ፤ ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እየታየ ነበር። ከተከሳሾቹ አንዳንዶቹ በእስር ቤት ውስጥ ተቀርጸው የተናገሩት በፊልሙ ገባ፤ የሙስሊሙ የመብት ጥያቄም በሌላ አገር ካሉ ታጣቂ ቡድኖች ጋር ተጎዳኝቶ ቀረበ። ፍርዱ የተሰጠው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው፤ ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተበየነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁሉም ወጡ፤ ዛሬ በሕዝብ መካከል ናቸው። ፊልሙ ግን አልታሰረም፣ አልተፈታምም። በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ይህ ፊልም ይደገም? ብዙ ወንድሞች «ይቃጠል» ይላሉ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ የአባቱን ፊት በቴሌቪዥን እንደ ወንጀለኛ ያየ ልጅ ሌላ ምን ሊል ይችላል? እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ የማልስማማበትን ምክንያት የወሰድኩት ከሱረቱ ኑር ነው። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ የተነዛው ስም ማጥፋት መዲናን ለአንድ ወር ያህል አናወጠ። አላህ (ሱ.ወ.) ንጽህናዋን ሲያወርድ ታሪኩ እንዲረሳ አላደረገም። እስከ ዕለተ ቂያማ በሶላት ውስጥ ሳይቀር እንዲነበብ አደረገው። ነገር ግን አወራረዱን እናስተውል። ስም አጥፊዎቹ ያሉት ቃል በአንቀጾቹ ውስጥ የለም። የዓኢሻ ስምም የለም። ያለው ምንድን ነው? አራት ምስክር ለምን አላመጡም የሚለው ጥያቄ አለ። የሰሙት ምእመናን ለምን በጎ አልጠረጠሩም የሚለው ወቀሳ አለ። በምላስ እየተቀባበሉ ነገሩን ቀላል አድርገው ማየታቸው፣ በአላህ ዘንድ ግን ከባድ መሆኑ አለ። ውሸቱ አልተደገመም፤ ውሸት መሆኑ ተደገመ።

እንግዲያው «ጅሃዳዊ ሐረካት» ይቀመጥ። የሚያሳይ ካለም ከቁራጩ አጠገብ በፊልሙ ላይ የታዩት ሰዎች እንዴት እንደተቀረጹ ራሳቸው እየተናገሩ ይታይ፤ አዘጋጆቹም ቀርበው ይጠየቁ። መልስ ሳይጨመርበት እንዳለ መልቀቅ ግን ስም ማጥፋትን ማደስ ነው። ሱረቱ ኑር ንጹሕን ሰው ያለ ምስክር በዝሙት የሚወነጅልን ሰው ሰማንያ ጅራፍ ይገረፍ፣ ምስክርነቱም ተቀባይ አይሁን ያለው፣ ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ የሚያደርሰውን ጉዳት ስለሚያውቅ ነው።

እስከዚህ ድረስ አንባቢ ከእኔ ጋር ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ፊልሙ በጠላነው ሰው ላይ ሲሆን ነው። ሙስሊሙን ያሰሩና ያሰቃዩ ሰዎች በተራቸው ሲታሰሩ በቴሌቪዥን የወጡትን ፊልሞች አይተናል። ስንቶቻችን «ይደገም!» አልን? እነሱም ያን ጊዜ ገና አልተፈረደባቸውም ነበር። በሱረቱል ማኢዳ ሕዝብን መጥላት ፍትሕን ወደ ማጓደል እንዳይገፋን ታዘናል፤ ትዕዛዙ ለወዳጆቻችን ቢሆን ኖሮ ማዘዝም ባላስፈለገ ነበር። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን መጠጥ ጠጥቶ ሲቀጣ የነበረን ሰው አንዱ «አላህ ያዋርድህ» ሲለው በወንድማችሁ ላይ ሸይጧንን አታግዙ ነበር የተባለው። ቅጣቱ አልቀረለትም፤ ከቅጣቱ በላይ ያለው ውርደት ግን ተከለከለ። ሰው ተፈርዶበት፣ የእስር ዘመኑን ጨርሶ፣ ቤቱ ገብቶ ልጅ ሲያሳድግ የድሮ ፊልሙን አምጥቶ በእራት ሰዓት መልቀቅ በየትኛው ፍርድ ቤት የተጨመረ ቅጣት ነው?

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ጠንካራም ነው። «እንዲህ ከሆነ ግፈኛ ሁሉ ጊዜ እስኪያልፍ ጠብቆ ይረሳል ማለት ነው። የአገሩ ወጣት አብዛኛው ደርግን አያውቅም። ፊልሙ ካልተደገመ ማን ይነግረዋል?» ይባላል። እውነት ነው። ቁርአንም የሙሳንና የፊርዓውንን ታሪክ በብዙ ሱራዎች ደጋግሞ ያነሳል፤ ግፍን እየደጋገሙ መንገር የተጠላ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ። ግን ታሪኩ በሁለት ቦታ በአንድ ዓይነት አይነገርም። አንዱ ጋ የእናቱ ጭንቀት ይበረታል፣ ሌላው ጋ ከድግምተኞቹ ጋር ያለው ግጥሚያ፣ ሌላው ጋ የሕዝቡ እምቢተኝነት። ሰሚው የሚያስፈልገው ይሰጠዋል። እኛ ጋ የነበረው መደጋገም ከዚህ በጣም የራቀ ነው። በየዓመቱ ግንቦት 20 ሲደርስ የደርግን ጭፍጨፋ የሚያሳዩ ያው ምስሎች በያው ድምፅ ይለቀቁ ነበር። የማይካድ ግፍ ነበር። በአሥረኛው ዓመት ግን ተመልካቹ ሻዩን እየጠጣ የሚያልፈው ሆነ፤ ወጣቱም «የመንግሥት ፊልም» ብሎ ሰየመው። እውነተኛ ደም እንደ ማስታወቂያ ተቆጠረ። ይህን ያመጣው ደግሞ መርሳት አልነበረም።

በእኔ አስተያየት በሥልጣን የተፈጸመ በደልና የግል ኃጢአት አንድ ላይ መታየት የለባቸውም። የመጀመሪያው የሕዝብ ሐቅ ስላለበት ዘመን ብቻውን አይሽረውም፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያውም ባይታይ ይሻል ነበር። ሙታንን አትስደቡ፣ ወደ ሠሩት ሥራ ሄደዋል የሚለው የነቢዩ ትዕዛዝም የሟች ባለሥልጣንን ጥፋት ከመማር አያግደንም፤ ከመሳለቅ ግን ያግደናል። በተረፈ የሐዲስ ሊቃውንት የሠሩበት አንድ ዘዴ ለጣቢያዎቻችን ትልቅ ትምህርት ነው። ዐጣእ ኢብኑ ሳኢብን የመሰለ ታማኝ አስተላላፊ በእርጅናው የማስታወስ ችሎታው ሲደክም፣ ሊቃውንቱ ሁሉንም አልጣሉም፣ ሁሉንም አልተቀበሉም። «ይህን ሐዲስ ከእሱ የሰማኸው መቼ ነው? ከመድከሙ በፊት ወይስ በኋላ?» ብለው ጠየቁ። የአንድ ምስክርነት ቀኑ የምስክርነቱ አካል ነው። እኛ አገር ግን የቆየ ፊልም ሲደገም የተሠራበት ዓመት፣ የሠራው አካል፣ ያን ጊዜ ጉዳዩ የደረሰበት ደረጃ አይጻፍም። ተመልካቹ የሃያ ዓመቱን ነገር የዛሬ ጠዋት አድርጎ ይቆጥረዋል።

«ያልታወቀው ረሃብ»ን ዛሬ አንድ ጣቢያ ልድገመው ቢል አልቃወምም። ደርግ የሰካበት የውሾቹና የግብዣው ምስል ወጥቶለት፣ ወይም ያ ጭማሪ በማን እጅና ለምን እንደገባ ተነግሮ፣ ዲምብልቢ ባዘጋጀው ቅደም ተከተል ይታይ። መጀመሪያ ግን ደሴ፣ ቆቦ፣ አፋር ይታይ፤ የመስከረም 1ዱ ማታ ወዳልደረሰበት አገር። በዚያ ፊልም ላይ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የታዩ ሕፃናት በሕይወት ካሉ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ይደገም አይደገም የሚለውን ከጣቢያው ኃላፊ በፊት የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።